አራተኛው ሰው

ወርቅውሃ የእሳት አደጋ መውጫውን ደረጃ ቁልቁል እየበረረች ነው። ግራ እግሯ የሥራ ጫማ፣ ቀኝ እግሯ የቤት ነጠላ ጫማ አጥልቋል። ነጠላ ጫማው በየእርከኑ ጧ ጧ ይላል፤ ድምፁ ከሲሚንቶው ግድግዳ ጋር እየተላተመ ከኋላዋ የሚከተላት ሰው ያለ ያስመስለዋል። ዞራ አላየችም። ከዞረች ትቆማለች፤ ከቆመች ይደርሱባታል፤ ከደረሱባት ይነግሯታል። ካልነገሯት ግን ልጇ አልሞተም።

ከላይ፣ ስድስተኛው ፎቅ ላይ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች በሯን እያንኳኩ ነበር።

በመስኮት አይታቸዋለች። ጠዋቱ ጨፍጋጋ ነው፤ ዝናብም በረዶም ያልሆነ ነገር ላንድማርክ ሰፈር ላይ ይንጠባጠባል። ወደ ሥራ ለመውጣት አንዱን ጫማ አድርጋ ሌላውን በዓይኗ ስትፈልግ አንድ ታክሲ ሕንፃው በር ላይ ቆመ። መጀመሪያ ሻምበል በፍቃዱ ወረዱ፤ ረጅም ስለሆኑ ከሩቅ ይለያሉ። ቀጥሎ ሃምሳ አለቃ እንዳልካቸው። ቀጥሎ ባሕረኛው በድረዲን። ሦስቱም ኮሌታቸውን አስተካክለው ወደ መስኮቷ ቀና ሲሉ ታክሲው ጥሏቸው ሄደ።

ሦስት።

ቦርሳዋን አላነሣችም። ስልኳንም፣ ቁልፏንም አላነሣችም። ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ካፖርቷን ብቻ ነጥቃ ወጣች። የደረጃውን ከባድ በር ከኋላዋ ስትለቀው ሊፍቱ ሲከፈትና የሻምበል በፍቃዱ ሳል ኮሪደሩን ሲሞላው ሰማች።

የሦስት ሰው ትርጉም ለማኅበሩ ቤተሰብ የተሰወረ አይደለም።

የሠራዊት ወንድማማቾች ማኅበር የተመሠረተው የቀድሞው ጦር ከተበተነ በኋላ፣ እዚህ አሜሪካን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ አንድ ምግብ ቤት ሥር ባለ ምድር ቤት ነው። እግረኛው፣ ታንከኛው፣ አየር ወለዱ፣ ባሕረኛው፣ ሁሉም እየተንጠባጠበ መጣ። ውጭ ታክሲ ነጂ ወይ የሆቴል ሻንጣ ተሸካሚ የሆነው ሰው፣ እዚያ ምድር ቤት ሲወርድ ማዕረጉን መልሶ ይለብሳል። በኋላ የአሜሪካንን ዩኒፎርም የለበሱ የሐበሻ ልጆችም ገቡበት። ማኅበሩ የታመመ ይጠይቃል፣ አስከሬን ይሸከማል፣ ከኢራቅ ተመልሶ እንቅልፍ ካጣ ልጅ ጋር ቁጭ ብሎ ያነጋል። ከሁሉ በላይ ግን መርዶ ያደርሳል። አገር ቤት፣ በሰሜኑ ጦርነት ዘመን ለወታደር ሚስት የባሏን ሞት የሚነግራት አልነበረም፤ ደብዳቤው ይቋረጣል፣ ከዚያ ዝም ነው። እነዚህ ሰዎች ያንን ዝምታ ያውቁታል። ስለዚህ ማሉ፤ ከእንግዲህ የወታደር ቤት ያለ መርዶ አይቀርም፣ መርዶም በስልክ አይነገርም።

ሲሄዱም ሦስት ሆነው ነው። አንዱ ይናገራል፣ አንዱ እናቲቱን ይይዛል፣ አንዱ በሩ ላይ ቆሞ ጎረቤት ይጠራል። ለክርስትናም ይሁን ለምርቃት፣ ለሌላ ጉዳይ ሲሄዱ ወይ ሁለት ወይ አራት ይሆናሉ እንጂ ሦስት አይሆኑም። ይህን ሥርዓት ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ ያውቁታል። አንድ ጊዜ ሰርግ ላይ ከማኅበሩ ሰዎች ሦስቱ ምግብ ለማንሣት አብረው ቢነሡ አንዲት እናት ሳህኗን ጣለች። ያኔ ታንከኛው ዐሥር አለቃ ቢራቱ ከነጉርሻው ከወንበሩ ዘሎ “አራት ነን! አራት ነን!” እያለ ሲሮጥ ሙሽሮቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ወርቅውሃም ስቃለች። ይድነቃቸው ገና ወታደር ቤት አልገባም ነበር።

እሷ ያለ መርዶ ከቀሩት ሴቶች አንዷ ናት። ባሏ መቶ አለቃ መስፍን አፋቤት ላይ ሲቀር ይድነቃቸው ገና ጡት አልጣለም ነበር። ሞተ ያላት የለም፤ አለ ያላትም የለም። ጥቁር ልልበስ ብትል የባሏ ዘመዶች “ታሟርቺበታለሽ” አሏት፤ አልለብስም ብትል ጎረቤት “አይ ያሁን ዘመን ሚስት” አላት። አልቅሳ አልወጣላትም። ከዚያ ወዲህ ክፉውን ነገር ቀድማ በር ላይ የምትጠብቅ ሴት ሆነች። ልጇ ሲያስነጥሰው ሳንባው ነው ትላለች። ዲቪ ሲደርሳቸው ደስ ያለው ሁሉ እልል ሲል እሷ አውሮፕላኑ ይወድቃል ብላ ንስሐ ገባች። ከማታውቀው ቁጥር ሲደወል ስልክ አታነሣም። ትናንት ማታ እንኳ የማታውቀው ቁጥር ደጋግሞ ቢጮኽባት ስልኩን ትራስ ሥር ቀብራ፣ በትራሱ ላይ ደግሞ ብርድ ልብስ ደርባ ተኛች።

ልጇ ለውትድርና ልመዘገብ ነው ያለ ዕለት አልጮኸችም። አልጋው ላይ ቁጭ አለች እንጂ።

“ትራክ ነው የምጠግነው እማዬ። መካኒክ ነኝ። ዶንት ወሪ።”

“አባትህም ሬዲዮ ነው የምነካካው ብሎኝ ነበር” አለችው።

ያ ነገር ከሆነ ሁለት ክረምት አልፏል። አሁን መጋቢት 1999 ዓ.ም. ነው፤ የኢራቁ ጦርነት አምስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ይድነቃቸውም እዚያ ከተላከ ከርሟል።

ከሕንፃው ጀርባ ስትወጣ አውቶቡስ አልጠበቀችም። ፌርማታ ላይ የቆመ ሰው ይታያል። እርጥቡን የእግረኛ መንገድ ይዛ እስከ ቫን ዶርን ባቡር ጣቢያ አዘገመች፣ ሮጠች፣ ደግሞ አዘገመች። የቀኝ ካልሲዋ ውኃ ጠጥቶ ከበዳት። በካፖርቷ ኪስ ውስጥ ወደ ሥራ የምትመላለስበት የባቡር ካርድ ነበረ፤ ሌላ ምንም አልነበረም። መሀል ከተማ አንድ ሕንፃ ሥር የመኪና ማቆሚያ ካሸር ናት። ዛሬ ግን እዚያ አትሄድም፤ እዚያ መጀመሪያ የሚፈልጓት ቦታ ነው። የምትሄደው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወደ ሰአዳ ነው።

ሰአዳ የወሎ ሴት ናት፣ የደሴ። ልጇ ሱሃይብ ከይድነቃቸው ጋር በአንድ ሳምንት ነው የተመዘገበው። ሁለቱ እናቶች የተዋወቁት ማኅበሩ ልጆቹን የሸኘ ዕለት፣ መፀዳጃ ቤት ውስጥ፣ ሰው እንዳያያቸው ተደብቀው ሲያለቅሱ ነው። “አንዳችን ክፉ ብንሰማ ወደ አንዳችን እንሂድ” ተባብለው ነበር። ላለመስማት ስለሚሸሽ ሰው ግን አልተነጋገሩም።

ባቡሩ ወንዙን ሳይሻገር ፔንታጎን ጣቢያ ላይ ቆመ። ዩኒፎርም የለበሱ ገቡ። አንዱ፣ ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ልጅ፣ አጠገቧ ተቀመጠ። ደረቱ ላይ የተሰፋው ስም እንዳይታያት ፊቷን ወደ መስታወቱ አዞረች። ይድነቃቸው መጀመሪያ ያንን ልብስ ለብሶ የመጣ ቀን፣ ደረቱ ላይ በጥቁር ክር “መስፍን” የሚል ተሰፍቶበት አየች። በአሜሪካን ሠራዊት ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። ልጇን አቅፋ ስትስም ያ ስም ጉንጯን ፈተጋት። “ይኼ ስም ጦር ሜዳ ሄዶ አልተመለሰም” ልትለው አፏ ላይ መጥቶ ዋጠችው። ማሟረት ይሆናል።

ቀጥሎ ያለው ጣቢያ አርሊንግተን፣ የወታደሮች መቃብር ነው። በየቀኑ ታልፈዋለች፤ በየቀኑም በሮቹ እስኪዘጉ ትንፋሿን ትይዛለች። ዛሬ በሮቹ ተከፈቱ፤ የገባም የወጣም ሰው የለም። ቀዝቃዛ አየር ብቻ ገባ፤ በእርጥብ እግሯ ላይ አለፈ።

“ማም፣ አር ዩ ኦኬ?” አላት ልጁ።

“ኦኬ” አለችው። “ኦኬ፣ ኦኬ።” ያንተም እናት ስልክ አታነሣም እንዴ? ልትለው ፈልጋ ነበር።

መሀል ከተማ ላይ ወደ ቀዩ መስመር ተሻገረች። ባቡሩ ከመሬት ሥር ወጥቶ በቤቶች ጀርባ፣ ቅጠል ባላወጡ ዛፎች መካከል ይከንፍ ጀመር። ከሲልቨር ስፕሪንግ በፊት ያለችው ጣቢያ ታኮማ ናት። እዚያ ቆመ። በሮቹ ተከፈቱ። ከዚያች ጣቢያ ብትወርድና ጥቂት ወደ ምዕራብ ብትሄድ አንድ ትልቅ የወታደሮች ሆስፒታል ታገኝ ነበር። ልጇ በዚያ ሆስፒታል አልጋ ላይ ተንጋሎ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገቱን ቀና ያደርግ ነበር። እሷ ይህን አላወቀችም። በሮቹ ተዘጉ።

ሰአዳ ጆርጂያ አቨኑ ላይ ባለ የልብስ ንጽሕና ቤት ልብስ ታስተካክላለች። ወርቅውሃ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው እግሯን ነው።

“ወርቄ! ምን ሆነሽ ነው? ጫማሽ…”

“አትንገሪኝ።”

“ምኑን?”

“ምንም አትንገሪኝ። እንዳትነግሪኝ ብዬ ነው የመጣሁት።”

“ያ አላህ! እኔ ምን አውቄ ነው የምነግርሽ? አንቺ ንገሪኝ እንጂ!”

“መጡ።”

ሰአዳ መቀሱን አስቀመጠች። “ስንት ሆነው?”

ወርቅውሃ ሦስት ጣቶቿን አነሣች።

ለአፍታ፣ ሳታዝዘው፣ “የኔ አይደለም” የሚል ነገር በሰአዳ ፊት ላይ አለፈ። ወርቅውሃ አየችው፤ አልተቀየመችም። እሷም ብትሆን ያንኑ ታደርግ ነበር። ወዲያው ሰአዳ ባንኮኒውን ዞራ መጥታ አቀፈቻት።

“ምን አሉሽ? እንዴት አሉሽ?”

“አልከፈትኩላቸውም። በኋላ በር ሸሸሁ።”

“ሸሸሁ? አንቺ ሴትዮ፣ ሽማግሌ በር ላይ ገትረሽ?”

“ካልሰማሁ አልሞተም።”

“መስፍንንም አልሰማሽም” አለች ሰአዳ። “ዳነ?”

ይህንን ያለችው ለክፋት አይደለም። ወሎዬ ናት፤ አፏ ከልቧ አይርቅም። ወርቅውሃ ግን እንደተመታ ሰው ወደ ኋላ ሄደች፤ በላስቲክ ተሸፍነው በተሰቀሉት ልብሶች መካከል ገብታ ቆመች። ሰአዳ ስልኳን ከፍታ ደወለች። ወርቅውሃ ሁለት ጆሮዋን በመዳፏ ደፈነች። ሻምበል በፍቃዱ በስልክ ሲናገሩ ዛሬም የጦር ሜዳ ሬዲዮ የያዙ ይመስላቸዋል፤ ድምፃቸው በመዳፏም በላስቲኩም አልፎ ይመጣል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ሰአዳ “እ? እ?” ትላለች። ከዚያ ጮኸች።

ልብሶቹ ተገለጡ። ሰአዳ እጆቿን ከጆሮዋ ላይ እየመነጨቀች ነው።

“አለ! ወርቄ፣ በሕይወት አለ!”

“ውሸትሽን ነው።”

“ወላሂ አለ! ቆስሎ ነው። ትናንት ማታ ከጀርመን አምጥተውታል። ደጋግመው ቢደውሉልሽ አላነሣሽም፤ የሻምበልን ቁጥር ሰጣቸው። እዚሁ ነው ያለው፣ እዚሁ ጆርጂያ አቨኑ ላይ! ሰርጀሪ ሊያደርጉት ነው፤ ከመግባቴ በፊት እናቴን አምጡልኝ ብሎ ነው የላካቸው።”

“ሦስት ነበሩ።”

“አራት ነን ይላሉ!”

“እኔ በዓይኔ ሦስት ነው ያየሁት።”

ሰአዳ ስልኩን እንደገና ጆሮዋ ላይ አደረገች። “ሻምበል፣ ሦስት ነው ያየሁት ትላለች…” አዳመጠች። አዳመጠችና ፊቷ ተጨማደደ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አይታወቅም። “ቢራቱ ነው። ቢራቱ ፓርኪንግ ሊፈልግ ሄዶ ነው። የእንግዳ ማቆሚያው ሞልቶ፣ ታክሲዬን ቶው አድርገው ይወስዱብኛል፣ እናንተ ውጡ፣ እደርስባችኋለሁ ብሏቸው። ትንሽ ብንጠብቀው ምን ነበረበት እያሉ ነው። እያለቀሱ ነው መሰለኝ።”

ወርቅውሃ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። ስንት ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ስታስገባና ስታስወጣ የኖረች ሴት ናት። ፓርኪንግ አጣን ብለው የሚነጫነጩባትን ሁሉ “አይዟችሁ፣ ከዚህ የባሰ አይምጣ” ትላቸው ነበር።

“ተነሺ!” አለች ሰአዳ። የራሷን የቀኝ ጫማ አውልቃ አደረገችላት፤ ሰፋት። “ተነሺ፣ ሳይገባ እንድረስ!”

ከሱቁ እስከ ሆስፒታሉ በሰአዳ መኪና ቅርብ ነው፤ አንድ መንገድ ነው፣ ወደ ታች ብቻ። ወርቅውሃ ፊት ለፊቷ ያለውን ቀይ መብራት ሁሉ ትረግመው ነበር። ሰአዳ በአንድ እግሯ ካልሲ ፍሬን እየረገጠች፣ አንዴ ቁርኣን ትቀራለች፣ አንዴ ከፊቷ ያለውን ሾፌር ትሳደባለች።

በሩ ላይ አንድ ወጣት ወታደር አስቆማቸው።

“አይዲ፣ ፕሊስ።”

ሰአዳ ሰጠች። ወርቅውሃ ካፖርቷን ዳሰሰች። ኪሷ ውስጥ የባቡር ካርዷ ብቻ አለ። መታወቂያዋ ላንድማርክ፣ ስድስተኛው ፎቅ ላይ፣ ሳታነሣው በሸሸችው ቦርሳ ውስጥ ነው።

“ልጄ ውስጥ ነው” አለችው። “ማይ ሰን። ሳጅን መስፍን።”

ወታደሩ ጨዋ ልጅ ነው፤ ማም እያለ፣ ይቅርታ እየጠየቀ፣ ወደ ጎን እንዲቆሙ አሳያቸው። ሕግ ነው። ስልክ ደወለ፤ ሌላ ቦታ አዛወሩት፤ እንደገና ደወለ። ወርቅውሃ ከመኪናው ወርዳ በአጥሩ ብረት መካከል ወደ ሕንፃዎቹ ታይ ነበር። ከመስኮቶቹ ሁሉ አንዱ የእሱ ነው። “የፈሩት ይደርሳል” ትል ነበር እናቷ። ወርቅውሃ ይህን ተረት ዕድሜዋን ሙሉ አምና ኖራለች። ፈርቶ የሮጠ ሰው መንገዱን ራሱ በራሱ ላይ እንደሚዘጋ ግን ማንም አልተረተላትም።

በመጨረሻ ሻምበል በፍቃዱና በድረዲን፣ ቢራቱን ወደ ልጇ ቀድመው ልከው፣ በሌላ ሰው ታክሲ ደረሱ። ሥራ ቦታዋ ድረስ ሲፈልጓት ነበር። ሻምበል ካፖርታቸው አንገታቸው ድረስ ተቆልፏል። ቀጥ ብለው ወደ ወታደሩ ሄደው፣ እንደ አለቃ ቆመው፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስለ እሷ ተናገሩ። ከውስጥ አንዲት ነርስ መጥታ ፈርማ አስገባቻቸው።

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ ክፍት በር አጠገብ፣ ቢራቱ ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ክፍሉ ውስጥ አልጋ የለም። አልጋው የነበረበት ቦታ ወለሉ ያብለጨልጫል።

“ገባ?” አለችው።

“አሁን ገባ፣ ወርቄ። አሁን በዚህ ወሰዱት።” በቆቡ ወደ ሊፍቱ አመለከታት። “ትንሽ ብትቀድሚ…” ብሎ ጀመረና ምላሱን ነከሰ።

“እንዴት ነው? ምኑን ነው የተመታው?”

“ግራ እግሩን። ከሰውነቱ ሌላም ቦታ ተመትቷል፤ ፊቱ ግማሹ በፋሻ ነው። ግን ያወራል። ሲያወራ ነበር።”

“ምን አለ?”

ቢራቱ ቆቡን አገላበጠው። ጦር ሜዳ ታንክ የነዳ ሰው ነው፤ ነገር ማለስለስ አያውቅበትም።

“‘እማዬስ?’ አለኝ። ምን ልበለው? በደረጃ ሸሸችህ ልበለው? ፓርኪንግ እየፈለገች ነው፣ ትመጣለች አልኩት።”

“ምን አለህ?”

“ሳቀ።”

“ሳቀ?”

“እንደ ጤነኛ ሳቀ እንጂ! ‘ጋሼ ቢራቱ፣ እማዬ መኪና መቼ ነድታ ታውቃለች?’ አለኝ። ደሞ ‘ፓርኪንግ የምትሠራ ሴት ፓርኪንግ ታጣለች?’ አለኝ። ከዚያ ሐኪሞቹን ትንሽ ጠብቁልኝ ብሎ ለመናቸው። ጠበቁ፣ እውነቴን ነው፣ ጠብቀውለታል። ኋላ ግን ሙቀቱ ጨመረ፣ ደሙ ተመርዟል፣ ከዚህ በላይ አይሆንም አሉ። ሲወስዱት ደንዘዝ ብሎ ነበር። እጄን ያዘና ‘ፓርኪንግ ስታገኝ ንገሩኝ’ አለ።”

ወርቅውሃ አላለቀሰችም። ባዶው ክፍል ገብታ ወለሉን አየች። ወንበር ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ አለ፤ አንሥታ አሸተተችው። የመድኃኒት ሽታ ብቻ ነው።

ከዚያ መቀመጥ ሆነ። በመጠባበቂያው ክፍል ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ የዚያኑ ጦርነት ወሬ ያሳያል፤ አቧራ፣ የሚነድ መኪና፣ የሚሮጥ ሰው። በድረዲን ሳይጠየቅ ተነሥቶ አጠፋው። ሰአዳ ጥግ ላይ ካፖርቷን አንጥፋ ሰገደች። ለይድነቃቸው ነው የምትለምነው፣ ግን ሱሃይብን ሳትጠራ እንደማትነሣ ወርቅውሃ ታውቃለች። እሷም ይድናል ይድናል ለማለት ሞከረች፤ አፏ አልለመደውም። ተስፋ ያደረገችበት ቀን ክፉው ነገር ይሰማኛል ብላ ስለምትፈራ ድሮም ተስፋን የምታደርገው ተደብቃ ነው።

ሻምበል በፍቃዱ መጥተው ፊት ለፊቷ ቆሙ።

“ወይዘሮ ወርቅውሃ፣ ጥፋቱ የኛ ነው። ሥርዓቱን ያወጣሁት እኔ፣ ያፈረስኩትም እኔ። ሦስት ሆኜ በርዎ ላይ መቆም አልነበረብኝም።”

“እርስዎ አንኳኩ” አለቻቸው። “ያልከፈትኩ እኔ ነኝ።”

“ሃምሳ አለቃ እንዳልካቸውስ?” አለ በድረዲን ድንገት።

ሁሉም ተያዩ። ሃምሳ አለቃ እንዳልካቸው ትመለስ ይሆናል ተብለው በሯ ላይ እንዲጠብቁ ቀርተው ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ የደወለላቸው የለም። በድረዲን ሲደውል እዚያው ላንድማርክ ኮሪደር ላይ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። “ተነሡ ሳልባል አልነሣም ብዬ ነው” አሉ። ቢራቱ ሳቀና ወዲያው አፈረ።

ቀኑ እየጠቆረ ሄደ። ዝናብም በረዶም ያልሆነው ነገር መስኮቱን ይመታል። በመጨረሻ የውስጠኛው በር ተከፈተ።

“የመስፍን ቤተሰብ?”

ወርቅውሃ ደነገጠች። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ መስፍንን ብሎ በሯን ያንኳኳ፣ የመስፍን ቤተሰብ ማነው ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። አሁን ስሙን የጠራችው ነርሷ ናት። አጠገቧ ሰማያዊ ቆብ ያደረገ ሐኪም አለ። ከሐኪሙ ኋላ ደግሞ ኮሌታው ላይ መስቀል ያለበት የጦር ሠራዊት ቄስ።

ሦስት።

ሰአዳ ክንዷን ጨበጠቻት። ሻምበል በፍቃዱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቢራቱ ግን ከወንበሩ ተነሣ። ምን እንደሚነገር አያውቅም፤ ማንም አልነገረውም። ቆቡን ብብቱ ሥር አድርጎ፣ ክፍሉን አቋርጦ ሄዶ ከሦስቱ ፈረንጆች ጎን ቆመ። ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ፣ አራተኛ ሆኖ እንደ ሰልፍ ተገተረ። ሐኪሙ ግራ ገብቶት አየው።

ከኋላዋ ወደ ኮሪደሩ የሚወጣ በር አለ። ክፍት ነው።

“ቁጭ በል ቢራቱ” አለች ወርቅውሃ። “አሁን አልሸሽም።”

በሰፊው የሰአዳ ጫማ አንድ እግሯን እየጎተተች ወደ ሦስቱ ሄደች። ሐኪሙ ቀስ እያለ ተናገረ፤ ሻምበል በፍቃዱ ከጎኗ ቆመው አንድ በአንድ ተረጎሙላት። ልጇ በሕይወት አለ። ግራ እግሩን ከጭኑ ቆርጠውታል። በመሀል ልቡ ቆሞ ነበር፤ መልሰው አስነሥተውታል። ግን ከማደንዘዣው አልነቃም። መንቃት በሚገባው ጊዜ አልነቃም። መቼ እንደሚነቃ፣ ሲነቃም ምን ያህል እሱ እንደሚሆን አናውቅም ይላል፤ አናውቅም ማለት አናውቅም ማለት ነው፣ ወይዘሮ ወርቅውሃ፣ የደበቅኩብዎት የለም።

“ልግባ” አለች።

አስገቧት። ፊቱ ግማሹ ፋሻ፣ ግማሹ የራሱ ነው። አፉ ውስጥ ቱቦ አለ፤ አንድ መሣሪያ በእሱ ፈንታ ይተነፍሳል። ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል ከፍ ብሎ፣ በሌላው በኩል ሜዳ ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ዓይኗ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከንፈሯን ፋሻ ያልነካው ጆሮው ላይ አደረገች።

“ይድኔ” አለችው። “ፓርኪንግ አገኘሁ።”

አልሳቀም። ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠግታ ተቀመጠችና ደግማ ነገረችው።